ከወንጪ ጀልባ በፊት፦ አምቦን ያለ መኪና

ወንጪ ሐይቅ በአምቦና በወሊሶ መካከል፣ በአሮጌ እሳተ ገሞራ አፍ ውስጥ የተኛ ውኃ ነው። በጀልባ ተሳፍሮ በሐይቁ ላይ ወዳለችው ደሴት፣ ወደ ቂርቆስ ገዳም መሻገር የጉብኝቱ ዋና ነገር ነው። ወደ ሐይቁ ሁለት መግቢያ አለ። አብዛኛው የአዲስ አበባ ሰው በወሊሶ በኩል፣ ያውም መኪና ተከራይቶ ወይም በማኅበር አውቶብስ ጠዋት ሄዶ ማታ ይመለሳል። የራሱ መኪና ለሌለውና አንድ ቀን መጨመር ለሚችል ሰው ግን አምቦ ትሻላለች። ምክንያቱም ቀላል ነው፤ ጀልባው እስኪደርስ ያለውን ጊዜ በእግር፣ በባጃጅና በአጭር ሚኒባስ የሚሞላ ነገር ከተማዋ ውስጥና ዙሪያዋ አለ።

በኢትዮጵያ የጀልባ ጉዞ ሲባል ቀድሞ የሚታሰበው ባሕር ዳር ነው። እዚያ ጀልባው የሚነሣው ከከተማው ጠርዝ ስለሆነ፣ ከሆቴሉ ወጥቶ በባጃጅ ጥቂት ደቂቃ የተጓዘ ሰው ጣና ላይ ነው። አምቦ ግን ውኃ ዳር አይደለችም። ሐይቁ ከከተማዋ በስተደቡብ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ፣ ከእርሷም እጅግ ከፍ ብሎ ይገኛል። ስለዚህ ባሕር ዳር ላይ ማሰብ የማያስፈልገው ነገር እዚህ የጉዞው ቁልፍ ይሆናል፦ ዕቅዱ ከጀልባው ጀምሮ ወደ ኋላ መቆጠር አለበት። ጀልባው በጠዋት ከሆነ ማደሪያው አምቦ ነው፤ ማደሪያው አምቦ ከሆነ ከአዲስ አበባ መውጣት ያለበት በዋዜማው ጎህ ሲቀድ ነው። ይህን ገልብጦ፣ በአንድ ቀን ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በሕዝብ ትራንስፖርት ሐይቁ ላይ ደርሶ መመለስ የሚሞክር ሰው አብዛኛውን ቀን መናኸሪያ ውስጥ ያሳልፈዋል።

ወደ ምዕራብ የሚወጡ ሚኒባሶችና አውቶብሶች አስኮ መናኸሪያ ይገኛሉ። መኪናው የሚነሣው በሰዓት ሳይሆን ሲሞላ ነው፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ቶሎ ይሞላል፣ ከረፋዱ በኋላ ግን ወንበር ላይ ተቀምጦ ሌላውን ተሳፋሪ መጠበቅ አለ። እስከ አምቦ ያለው መንገድ ከ110 ኪሎ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ አስፋልት ነው። የሻንጣ ነገር እዚህ ላይ ይነሣል፤ ትልቅ ሻንጣ ከሚኒባስ ጣሪያ ላይ ይወጣል፣ ለብቻውም ሊያስከፍል ይችላል። በጉልበት ላይ የሚያዝ አንድ ቦርሳ ከበቂ በላይ ነው። ዝርዝር ብር መያዝም ያስፈልጋል፤ ባለ 200 ብር ኖት ለባጃጅ ሾፌር መስጠት ጠብ መጋበዝ ነው።

በመንገዱ ላይ ያሉት ከተሞች ለብቻቸው ጉብኝት ናቸው፣ ሆኖም ሁሉንም ማየት አይቻልም። ሆለታ በምኒልክ ዘመን ገነት ተብላ የተቆረቆረች፣ በኋላም ከጣሊያን ወረራ ጥቂት ቀደም ብሎ በስዊድን መኮንኖች የሚመራ የጦር ትምህርት ቤት የተከፈተባት ናት። ለመቆሚያ የሚመረጠው ግን አዲስ ዓለም ነው። ምኒልክ በ20ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ የአዲስ አበባ ማገዶ እያለቀ ሲሄድ ዋና ከተማቸውን ወደዚህ ሊያዛውሩ አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ባሕር ዛፍ አዲስ አበባን ሲታደጋት ዕቅዱ ቀረ፣ የተጀመረውም ሕንፃ የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። ዛሬ ኮረብታው ላይ ያለው ደብር በውስጡ የነገሥታቱን ዕቃ የያዘ ቤተ መዘክር አለው። ከአዲስ አበባ እስከዚህ የተሠራው መንገድም ከአገሪቱ ቀደምት ዘመናዊ መንገዶች አንዱ ነው። ከመናኸሪያው በእግር የሚወጣ ዳገት ስለሆነ መኪና የለኝም ማለት እዚህ አያስኬድም።

አዲስ ዓለም መውረድ የሚፈልግ ሰው ግን ከአስኮ የአምቦን መኪና ባይሳፈር ይሻለዋል። የረጅም መንገድ መኪና ሞልቶ ስለሚነሣ በመንገድ መሐል ለሚወርድ ሰው ሙሉ ዋጋ ሊጠይቅ ይችላል፤ ከዚያ በኋላም አስፋልት ዳር ቆሞ ለሚጠብቅ ሰው ባዶ ወንበር ያለው መኪና በቀላሉ አይመጣም። ብልሃቱ መንገዱን በአጭር በአጭሩ መቆራረጥ ነው፦ በሆለታ ሚኒባስ እስከ ሆለታ፣ ከዚያ እስከ አዲስ ዓለም፣ ከዚያ እስከ ጊንጪ፣ ከጊንጪ እስከ አምቦ። ጠቅላላ ዋጋው በጥቂቱ ቢጨምር ነው። በምላሹ እያንዳንዱ መናኸሪያ ሻይ ጠጥቶ እግር የሚፍታታበት ቦታ ይሆናል።

ከጊንጪ አካባቢ ጀምሮ ከመስኮት የሚታየው አገር ከተገቢው በታች የተነገረለት ነው። አዋሽ የሚነሣው እዚህ፣ በደንዲ ወረዳ ከፍታዎች ነው፤ ወደ ምሥራቅ ፈሶ አፋር ውስጥ አቤ ሐይቅ ላይ ይቀራል። ትንሽ ወደ ምዕራብ ሲኬድ የአምቦ ወንዞች ወደ ጉደር፣ ጉደርም ወደ ዓባይ ይገባል። ከወንጪ የሚወጣው ውኃ ደግሞ በዋልጋ አድርጎ ወደ ጊቤና ኦሞ፣ ብሎም ወደ ቱርካና ሐይቅ ይወርዳል። በሁለት ቀን የሚኒባስ ጉዞ ውስጥ ሦስት ታላላቅ የወንዝ ተፋሰሶችን ማቋረጥ የሚቻልበት እንዲህ ያለ አጭር መንገድ ብዙ የለም። ይህን የሚናገር ሰሌዳ ግን መንገዱ ዳር አይታይም።

አምቦ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የምትገኝ የምዕራብ ሸዋ ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ቀድሞ ሀገረ ሕይወት ትባል ነበር። ከተማዋ በአንድ ዋና መንገድ ግራና ቀኝ ስለተዘረጋች እንግዳ አይጠፋባትም። መሐሏን የሁሉቃ ወንዝ ያቋርጣታል። ዋና ዋናው ነገር በእግር ይዳረሳል፤ እግር ለደከመው ባጃጅ አለ፣ በጎን መንገዶች ላይ የፈረስ ጋሪም አይጠፋም። ባጃጅ በመስመር ሲሠራ ታሪፉ ትንሽ ነው፤ እንግዳ መስሎ የታየ ሰው ግን ሳይጠይቅ ከተሳፈረ ሾፌሩ «ኮንትራት ነው» ሊለው ይችላል። ከመቀመጥ በፊት መጠየቅ ይበጃል። በአፋን ኦሮሞ ሰላምታ ሰጥቶ ዋጋ ለሚጠይቅ ሰው ነገሩ ይለዝባል።

ከሰዓት በኋላው የፍልውኃው ነው። ከመሬት ውስጥ የሚፈልቀው ማዕድን ያዘለ ውኃ የሚሞላው የአምቦ መዋኛ ገንዳ ከከተማዋ ስም ጋር አብሮ የኖረ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ሰው ስለሚበዛ በሥራ ቀን የደረሰ ሰው ዕድለኛ ነው። ለዋና የሚሆን ልብስና ፎጣ ከቤት መያዝ ይገባል። ሌላው ዝነኛ ውኃ፣ በጠርሙስ የሚሸጠው፣ የሚወጣው ከከተማዋ በስተምዕራብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ከሚገኘው ሰንቀሌ ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1930 ጀምሮ እየታሸገ ገበያ ላይ ውሏል። ጋዙ የተፈጥሮ ነው፤ የእሳተ ገሞራ አለት ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው ውኃ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን፣ ካልሲየሙንና ማግኒዚየሙን ይዞ ይወጣል። በአዲስ አበባ የቆዩ ሕንፃዎች ላይ የሚታየው የአምቦ ድንጋይም ከዚሁ አካባቢ የሚፈለጥ ነው። ፋብሪካው ለማንም መንገደኛ በሩን የሚከፍት ስላልሆነ ከደጃፉ በላይ ማየት ካስፈለገ አስቀድሞ ማስፈቀድ ይጠይቃል። ለብዙው ጎብኚ ግን ከምሳ ጋር አንድ ጠርሙስ በአገሩ መጠጣት በቂ ነው።

ለጥበብ ወዳጅ አምቦ ሁለት ስም አላት። ባለቅኔና ጸሐፌ ተውኔት ሎሬት ጸጋዬ ገብረ መድኅን በ1928 ዓ.ም. የተወለደው ከአምቦ አጠገብ ቦዳ ነው። ድምፃዊ ሃጫሉ ሁንዴሳ ተወልዶ ያደገው አምቦ ነው፤ በሰኔ 2012 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከተገደለ በኋላም የተቀበረው እዚያው ነው። አንዲት መካከለኛ ከተማ ሁለቱን ማፍራቷ ትልቅ ነገር ነው፤ ሆኖም የጸጋዬን አምቦ በእግር ለሚፈልግ ሰው ከቦታ ቦታ የሚመራ ነገር አልተዘጋጀም። ከአንድ ካርታና ከጥቂት ምልክት ሰሌዳ የበለጠ ወጪ ባልጠየቀም ነበር። በ1939 ዓ.ም. ገደማ በእርሻ ትምህርት ቤትነት የተጀመረው የአምቦ ዩኒቨርሲቲ ይህን ለመሥራት ሰው አያጣም።

ጊዜ ከተረፈ ጉደር አለ። ከአምቦ በስተምዕራብ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሆነ ሚኒባሱ ይመላለሳል። ለቀይ ወይን ጠጅ ስሟን ያዋሰችው ይህች ከተማ ወንዝና ፏፏቴ አላት። ፏፏቴው በመስከረምና በጥቅምት ሙሉ ነው፤ በየካቲትና በመጋቢት የሄደ ሰው ድንጋይ አይቶ ቢመለስ ማንንም ሊወቅስ አይገባም። ከጉደር አልፎ ወደ ምዕራብ ለመግፋት የሚያስብ፣ በእርግጥ ለጠቅላላው ጉዞም ቢሆን፣ በምዕራብ ሸዋ ያለፉት ዓመታት የጸጥታ ሁኔታ ተለዋዋጭ ስለነበር ከመነሣቱ በፊት የዕለቱን የመንገድ ወሬ ከመናኸሪያና ከአካባቢው ሰው መጠየቅ ግድ ነው። ሹፌሮች ከማንም ቀድመው ያውቃሉ።

በማግስቱ ጠዋት የወሊሶን መስመር መያዝ ነው። ከአምቦ ወሊሶ የሚሄደው መኪና ሽቅብ ይወጣል፤ ገብሱ ይበዛል፣ እንሰት ከየቤቱ ጓሮ ብቅ ይላል፣ አየሩም ይቀዘቅዛል። ሐይቁ 2,900 ሜትር ገደማ ላይ፣ የእሳተ ገሞራው አፍ ጠርዝ ደግሞ ከ3,000 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከአምቦ ጋር ሲነጻጸር በአምስት ዲግሪና ከዚያ በላይ መቀዝቀዙ የሚጠበቅ ነው። ፍልውኃ ውስጥ ዋኝቶ በስስ ሸሚዝ የሚመጣ ሰው ይንቀጠቀጣል። ለረዳቱ «ወንጪ መገንጠያ» ብሎ መናገርና ከመውረድ በፊት ስለ መመለሻ መኪና መጠየቅ ያሻል።

ከጠርዙ እስከ ሐይቁ ያለውን ቁልቁለት በእግር መውረድ ይቻላል፤ የአካባቢው ሰዎች በማኅበር ተደራጅተው በፈረስ ያወርዳሉ፣ ያወጣሉም። ብዙ ሰው ለመውረድ ፈረስ ይከራይና በእግሩ ለመውጣት ያቅዳል። ይህ የተገለበጠ ሒሳብ ነው። ቁልቁለቱን በእግር ወርዶ፣ ከጀልባ በኋላ ሲደክም ዳገቱን በፈረስ መውጣት ይሻላል። ዋጋው የደርሶ መልስ ይሁን የአንድ ጉዞ ከመሳፈር በፊት ይነገር።

ጀልባው ላይ የሚነገረው ጥቂት ነው፤ ውኃው ራሱ ይበቃል። ጠዋት ነፋሱ ስለማይበረታ ሐይቁ ይረጋል፤ በክረምት ደግሞ ዝናቡ አብዛኛውን ጊዜ የሚጥለው ከቀትር በኋላ ነው። ስለዚህም ነው ማደሪያው አምቦ የሆነው። የሕይወት አድን ጃኬት ሳይሰጥ የሚነሣ ጀልባ ላይ አለመሳፈር፣ መሐል ሐይቅ ላይ ለፎቶ ብሎ አለመነሣት፣ ወደ ገዳሙ ሲገባ ጫማ ማውለቅና ነጠላ መያዝ የሚታወቅ ነው። ከደሴቱ ማዶ በሸለቆው ውስጥ የማዕድን ውኃ የሚፈልቅባቸው ቦታዎች አሉ፤ ሰዓት ካለ በእግር ይታያሉ። የወንጪ ማርም ከባለንቡ ቢገዛ ጥሩ ነው።

ወንጪ በ2014 ዓ.ም. የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው አንዱ ሆኗል፤ በገበታ ለሀገር ፕሮጀክትም ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር ተካቶ መንገድና ማረፊያ ተሠርቶለታል። ሥራው የሚያስመሰግን ነው። ሆኖም የተሠራው በአብዛኛው መኪናውን አቁሞ ለሚወርድ እንግዳ ነው። በአገሩ ግን መኪና ያለው ሰው ጥቂት ነው። ተማሪው፣ አስተማሪው፣ ዕረፍት ያገኘው የመንግሥት ሠራተኛ የሚሄደው በሚኒባስ ነው፤ እነዚህ ሰዎች ደግሞ ሲሄዱ አይቸገሩም፣ ሲመለሱ እንጂ። ከሰዓት በኋላ እየገፋ ሲሄድ በመገንጠያው የሚያልፈው መኪና ይሳሳል፤ የሚያልፈውም ሞልቶ ነው። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ከጠርዙ ያልወጣ ሰው ወይ ኮንትራት ይይዛል፣ ወይ ያድራል። ወደ አዲስ አበባ መመለሻው በወሊሶ በኩል ቢሆን ይመረጣል፤ መንገዱ አይደገምም፣ ከወሊሶ ወደ መዲናዋ የሚሄድ መኪናም አይጠፋም።

የአምቦና የወሊሶ ከተማ አስተዳደሮች፣ የሁለቱም ዞኖች ትራንስፖርት ጽሕፈት ቤቶች ይህን ችግር ለመፍታት አዲስ መንገድ ወይም አዲስ ሆቴል አያስፈልጋቸውም። በሁለቱ መናኸሪያዎችና በወንጪ መገንጠያ ላይ ታሪፉንና የመጨረሻውን መኪና ሰዓት የሚናገር ሰሌዳ ይለጠፍ፤ ቅዳሜና እሑድ ከቀኑ 10 ሰዓት ከመገንጠያው ወደ አምቦና ወደ ወሊሶ የሚነሣ አንድ አንድ መኪና በተራ ይመደብ።