ሁለት ዘበኛ በአንድ በር

«ሁለት ባላ ትከል፤ አንዱ ቢሰበር በአንዱ ተንጠልጠል» ይላል ያገራችን ተረት። ባለፈው ሴሚስተር መጨረሻ በፉሪ ሰፈር የሚገኝ የአንድ ኮፒ ቤት ባለቤት ይህንኑ ተረት ጠቀሱልን። የጠቀሱበትም ምክንያት በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሦስት አንቲቫይረስ ስለምን እንደ ጫኑ ስለ ጠየቅናቸው ነው። ጥያቄያችን ለጨዋታ አልነበረም። ከመካከላችን አንዲት እህታችን የመመረቂያ ጽሑፏን ልታሳትም ፍላሿን ሰክታ ሳለ፣ ሁለተኛው ምዕራፍ እያየነው ጠፍቶባት ነበርና።

ነገሩ እንደ ተረዳነው እንዲህ ነው። ፋይሉን ቫይረስ ይዞት ኖሯል። አንደኛው አንቲቫይረስ ሊያጸዳው ከፈተው። እሱ ሥራውን ሳይጨርስ ሁለተኛው «ቫይረስ ተከፈተ» ብሎ ፋይሉን ከነጭራሹ አጠፋው። ሦስተኛው ማስጠንቀቂያ በማስጠንቀቂያ ላይ ይደረድር ጀመር፤ ኮምፒውተሩም ደርቆ ቀረ። እህታችን በማግስቱ ለአማካሪዋ ማስረከብ ስለ ነበረባት፣ ምዕራፉን ከማስታወሻ ደብተሯ እንደ ገና ስትጽፍ አደረች። የጻፈችው ግን የፊተኛውን አያህልም፤ ይህን እሷም ታውቃለች።

ባለቤቱን አንወቅስም። ጋሼ ያደረጉት ብዙዎቻችን በየላፕቶፓችን የምናደርገውን ነው። አንዱ አንቲቫይረስ ካልያዘው ሌላው ይይዘዋል እያልን ነጻ የተባለውን ሁሉ እንጭናለን። ተረቱ ስለ ባላ እውነት ነው። ባላ ግን ዝም ብሎ ይቆማል እንጂ ጎረቤቱን ባላ አይፈትሽም። አንቲቫይረስ ባላ አይደለም፤ ዘበኛ ነው።

እኛ የአርት ፋኩልቲ ተማሪዎች ስለ ሆንን፣ የኢንጂነሪንግ ጓደኞቻችን ከተሳሳትን ያርሙን። አንቲቫይረስ ሁለት ዓይነት ሥራ አለው። አንዱ ሲጠሩት ብቻ መጥቶ ዲስኩን መፈተሽ ነው። ሁለተኛው ኮምፒውተሩ ከበራበት ሰዓት አንሥቶ እስኪጠፋ ድረስ ከበር ሳይለዩ መቆም ነው። ይህ የሁል ጊዜ ዘበኛ ከዊንዶውስ ሆድ ዕቃ ውስጥ ገብቶ በፕሮግራሞቹና በዲስኩ መካከል ይቀመጣል። ማናቸውም ፋይል ሲከፈት እሱ ሳያየው አያልፍም። እንግዲህ እንዲህ ያሉ ሁለት ዘበኞች በአንድ በር ቢቆሙ ምን ይሆናል? አንዱ ሊፈትሽ ፋይሉን ሲከፍት፣ ሁለተኛው «ማነህ? ምን ከፈትህ?» ብሎ እሱን ይፈትሻል። በዚህ መካከል ባለ ጉዳዩ ደጅ ቆሞ ይጠብቃል። ኮምፒውተራችን አርጅቶ ነው እያልን የምናማርረው ዝግመት ከፊሉ ከዚህ የመጣ ነው።

ከዚህም የባሰ አለ። የዘበኛ ጠባይ ከሌባ ጠባይ ጋር ይመሳሰላል። ሁለቱም የሰው ጓዳ ይገባሉ፤ ሌሎች ፕሮግራሞች የሚሠሩትን ያደባሉ፤ በቀላሉ አንወጣም ይላሉ። በዚያ ላይ አንቲቫይረስ የቫይረሶችን ምልክት ዝርዝር ይዞ ስለሚዞር፣ ሌላው ያንን ምልክት አይቶ «ይኸ ራሱ ቫይረስ ነው» ሊል ይችላል። ከሰፈሩ ብዙ ሳይርቅ ከለቡ ጣቢያ የሚነሣው የጅቡቲ ባቡር ከአዳማ ወዲያ በነጠላ ሐዲድ ይሄዳል። በነጠላ ሐዲድ ላይ ሁለት አዛዦች፣ አንዱ «እለፍ» ሌላው «ቁም» እያሉ፣ ባቡር ያሰማሩ ዘንድ ማን ይፈቅዳል?

ይህን የዊንዶውስ ሠሪ ማይክሮሶፍትም ያውቀዋል። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለት ከ2005 ዓ.ም. ወዲህ፣ ዲፌንደር የተባለው አንቲቫይረስ ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ይመጣል። ሌላ አንቲቫይረስ ተጭኖ ስሙን ሲያስመዘግብ ግን ዲፌንደር በሩን ለቆ ገለል ይላል። ከ2008 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ ደግሞ በዊንዶውስ 10 ላይ፣ ባለቤቱ ከፈቀደ፣ ገለል እንዳለ አልፎ አልፎ እየመጣ ፈትሾ ይመለሳል። አንድ ዘበኛ በር ላይ፣ ሌላው ሲጠራ ብቻ ማለት ይኸው ነው። ችግሩ የሚመጣው ስማቸውን ሳያስመዘግቡ የሚገቡትን ወይም ሁለት ሦስት የውጭ ዘበኞችን ስንደራርብ ነው። የኢንዶኔዥያው ስማዳቭ በፍላሽ ለሚመጣ ቫይረስ የሌላ አንቲቫይረስ ረዳት ነኝ ይላል፤ ረዳትነቱን ተቀብሎ ከአንድ ዋና ዘበኛ ጋር ማኖር አንድ ነገር ነው፤ ሦስት ዋና ዘበኛ ማቆም ሌላ ነው።

ዘበኛ ብቻውን ሆኖ እንኳ የሚያደርሰውን ጉዳት ዓለም አይቷል። በሚያዝያ 2002 ዓ.ም. ማካፊ በአንድ የተሳሳተ አፕዴት የዊንዶውስ ኤክስፒን የራሱን ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ ይዞ ብዙ ኮምፒውተሮችን ከሥራ አወጣ። ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ደግሞ ክራውድስትራይክ የተባለው ኩባንያ በላከው ስሕተት ያለበት አፕዴት፣ በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ወደቁ። አውሮፕላኖች ቀሩ፤ ሆስፒታሎች ተቸገሩ። በአንዱ ይህ ከሆነ በሦስት የምናገኘው ምንድን ነው?

ዘበኛ የምናበዛውስ ስለምን ነው? በአንዱም ስለማናምን ነው። የማናምንበትም ምክንያት አለን፤ አፕዴት አናደርገውም። የፉሪውን ኮፒ ቤት ሦስት አንቲቫይረሶች ከፍተን ስናይ የሦስቱም የቫይረስ ዝርዝር አርጅቶ ነበር። ዋናክራይ በግንቦት 2009 ዓ.ም. ዓለምን ሲያተራምስ፣ የገባበትን ቀዳዳ የሚደፍነው የማይክሮሶፍት አፕዴት ከወጣ ሁለት ወር ሞልቶት ነበር። በዚያ ላይ ክራክ የተደረገ አንቲቫይረስ እንጭናለን፤ ክራኩም «መጀመሪያ ያለውን ጥበቃ አጥፋ» ይለናል፤ እኛም እናጠፋለን! ሌባውን ራሱን ዘበኛ አድርጎ መቅጠር ከዚህ በላይ ምን አለ?

ስለዚህ በር ላይ የሚቆመው አንድ ይሁን። ዲፌንደርም ቢሆን አፕዴት ከተደረገ ለተማሪ ይበቃል ባዮች ነን። ሁለተኛ አስተያየት የሚፈልግ እንደ ማልዌርባይትስ ነጻው ያለ፣ ሲጠሩት ብቻ የሚፈትሽ ይያዝ፤ ነገር ግን ይኸኛው በሙከራው 14 ቀን ውስጥ እንደ ዋና ዘበኛ ሊቆም ስለሚችል ያንን ማጥፋት ነው። አዲስ አንቲቫይረስ ከመጫን በፊት አሮጌውን አውጥቶ ሪስታርት ማድረግ ያስፈልጋል። በምንም ምክንያት ሁለት አብረው የሚኖሩ ከሆነ፣ አንዱ የሌላውን ፎልደር እንዳይነካ በየዝርዝራቸው ላይ ማስመዝገብና የፍተሻ ሰዓታቸውን ማለያየት ግድ ነው። የሁለት ባላው ተረት ደግሞ ለጽሑፋችን ቅጂ ይዋል፤ አንዱ በፍላሽ፣ አንዱ በኢሜል። እህታችን ይህን አድርጋ ቢሆን ኖሮ ያን ሌሊት በተኛች ነበር።

ጋሼን ፈቃዳቸውን ጠይቀን ሁለቱን አወጣንላቸው፤ የቀረውን አፕዴት አደረግን። ተረታቸውን ግን አልተዉም፤ በሄድን ቁጥር ይሟገቱናል። ለተማሪዎች ማኅበራችን የምናቀርበው ጥያቄ አንድ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያው ሳይደርስ በማኅበሩ ቢሮ አንድ ንጹሕ ኮምፒውተር ከአንድ አፕዴት ከተደረገ ዘበኛ ጋር ይቀመጥ፤ ማንም ተማሪ ወደ ኮፒ ቤት ከመሄዱ በፊትና ከተመለሰ በኋላ ፍላሹን በነጻ ያስፈትሽበት። ከኮምፒውተር ሳይንስ ክፍል ሁለት ጓደኞቻችን ተራ ገብተው ሊሠሩ ፈቃደኞች ናቸው። የቀረው ጠረጴዛና የቢሮ ቁልፍ ነው።