ሴቷ ከቦታዋ አትነሳም፤ ችግኙ ግን ይጓዛል

ነጭ የማንጎ ስኬል በኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ መታየቱ የተመዘገበው እ.ኤ.አ. በ2010 በምሥራቅ ወለጋ፣ ጉቶ ጊዳ ወረዳ፣ ሎኮ በተባለ አካባቢ ነው። መነሻው ከህንድ የገባ የማንጎ ችግኝ እንደሆነ ይገመታል። ከዚያ ወዲህ ወደ ምዕራብ ወለጋ፣ ወደ ቤኒሻንጉል ጉሙዝና ወደ ጅማ አካባቢ ተስፋፍቷል። ባጠቃው ዛፍ ላይ ቅጠሉ ይገረጣል፤ ፍሬው ሳይበስል ይረግፋል፤ የተረፈውም ቆዳው ላይ ሮዝ ነጠብጣብ ይዞ ገበያ ስለሚወጣ ገዢ ያልፈዋል።

መፍትሔው በርጭት ብቻ ከተፈለገ የተባዩ አኗኗር ራሱ ያከሽፈዋል። ሴቷ ስኬል ክብ፣ ሁለት ሚሊ ሜትር ገደማ የምትሆን፣ ነጭ ሰም መሰል ጋሻ የደፋች ናት። እንቁላሎቿንም በዚሁ ጋሻ ሥር ትጥላለች። የሚፈለፈለው እጭ እግር ስላለው ለአጭር ጊዜ ይድሃል፤ አንዳንዴም ነፋስ ይወስደዋል። ምቹ ቦታ ሲያገኝ መርፌ መሰል አፉን ሰክቶ የዛፉን ፈሳሽ መምጠጥ ይጀምራል። ሴት ከሆነች ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን ሙሉ አትነሳም። ወንዱ በአንጻሩ ክንፍ ያወጣል፤ ነገር ግን የሚመገብበት አፍ ስለሌለው ከተራክቦ በኋላ ብዙ አይቆይም።

በጋሻው ላይ ያረፈ ኬሚካል ከሥሩ ያለችውን እምብዛም አይነካም። ርጭቱ በእርግጥ የሚሠራው እጩ በሚድህበት አጭር ጊዜ ነው። በጓሮ ከዘር በቅሎ ከጣሪያ በላይ በረዘመ ማንጎ ላይ ደግሞ በጀርባ የሚታዘለው መርጫ ጫፉ ላይ አይደርስም። አላግባብ የተረጨ መድኃኒት ተባዩን የሚበሉትን ጥንዚዛዎችና ጥቃቅን ተርቦችም ይፈጃል፤ ደቡብ አፍሪካ ግን እንዲህ ያለ ጥንዚዛ ከታይላንድ ድረስ አስመጥታ በማንጎ እርሻዎቿ ለቃለች።

በክንፍ ሩቅ የማይሄደውን ተባይ ከክልል ክልል የሚያደርሰው በአመዛኙ በመኪና የተጫነ ችግኝና ፍሬ ነው። ስለዚህ ማንኛውም የማንጎ ችግኝ ከመሸጡ በፊት በዕፅዋት ኳራንታይን ባለሙያ ተመርምሮ ማረጋገጫ ሊሰጠው፣ ከውጭ የገባውም ለብቻው ተለይቶ ሊቆይ ይገባል። ለአገር ቤት እርሻቸው ችግኝ የሚያስገቡ የዲያስፖራ ባለሀብቶችም ከዚህ ነፃ ሊሆኑ አይገባም፤ ቅን ሐሳብ ስኬሏን ከቅጠሉ አያላቅቃትም። የእርሻ ዕርዳታ በጀት የሚመረምሩ የሕግ አውጪ ረዳቶች በበኩላቸው ለኬሚካል ግዢ ከሚመደበው ገንዘብ ምን ያህሉ ለችግኝ ጣቢያዎች ምርመራና ገበሬው ዛፉን ገርዞ እንዲያሳጥር ለሚሰጥ ሥልጠና እንደሚውል መጠየቅ ይኖርባቸዋል።