አንዲት ሙሉ ደቂቃ

ባለፈው ማክሰኞ ሌሊት፣ የእኅቴ ልጅ የወለደችው የዘጠኝ ወር ሕፃን በሳንባ ምች ታሞ በተኛበት ክፍል፣ አንዲት ነርስ ከአልጋው አጠገብ ቆማ፣ ዐይኗን ከሕፃኑ ደረትና ከእጅ ሰዓቷ ሳታነሣ፣ ትንፋሹን አንዲት ሙሉ ደቂቃ በአርምሞ ስትቆጥር አየሁ። እኩሌታውን ቆጥራ በሁለት ማባዛት በቻለች ነበር፤ ነገር ግን የሕፃን ትንፋሽ አንድ ጊዜ እየተፋጠነ አንድ ጊዜ እየዘገየ የሚያሳስት ስለ ሆነ አላደረገችውም። 62 ሆነ፤ በዚህ ዕድሜ ደግሞ 50 ከደረሰ ፈጣን ይባላል።

እናቲቱ በርዶት ይሆናል ብላ ጋቢ ልትደርብለት ብትነሣ፣ «የኔ እናት፣ ግለጪልኝ፤ ደረቱ ሲሰረጎድ ካላየሁ ሕመሙ መክፋቱን በምን ዐውቃለሁ?» አለቻት፤ ቀጥላም በኦክስጅኑ ቱቦ አፍ ላይ የረጋውን ንፍጥ ጠርጋ፣ አፍንጫውን በጨው ውኃ ጠብታ አርሳ፣ ልቅሶ ትንፋሹን እንደሚያደክመው ታውቃለችና፣ ራሱን ከፍ አድርጋ በእናቱ ክንድ ላይ አስደገፈችው።

«ያዳነው መድኃኒቱ ነው» እያሉ የነርስን ሞያ በመርፌ መውጋት ብቻ ከሚመዝኑ ሰዎች ጋር ስንት ዘመን እንደ ተሟገትሁ የዚህ ዓምድ አንባቢ ያውቃል፤ ዛሬም ቃሌን አላጥፍም። መድኃኒቱ ኃይሉን እስኪያሳይ ሁለት ቀን ያህል ይፈጃል፤ በዚያ መካከል ሕፃኑን የምትጠብቀው፣ መነኮሳት ለትጋሃ ሌሊት እንደሚቆሙ፣ እንቅልፏን ትታ የምትቆመው ይህች ሴት ናት። በ1934 ዓ.ም. በወጣትነታቸው ያረፉት ልዕልት ፀሐይ፣ በስደት ዘመን በለንደን በግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል የተማሩት ይህንኑ ሞያ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥት ልጅ ያልናቁትን እኛ የምንንቅበት ምክንያት ከቶ አይገባኝም።

በማግሥቱ የሆነው ግን እስከ አሁን ይቆረቁረኛል። ድውይን መጠየቅ ወንጌል ያዘዘን ምግባር ነውና፣ ስድስት ዘመዳሞች ተከታትለን ገባን፤ ከመካከላችን አንድ ሽማግሌ ያስሉ ነበር። ነርሷ ጎንበስ ብላ፣ «አባባ፣ ይቅርታዎን፤ ከደጅ ሆነው ይጸልዩለት» ብትላቸው ተቀይመው ወጡ፤ ከእኛም ወገን እርሷን ደፋር ያላት አልታጣም። እኔ ግን ልክ ነበረች እላለሁ፤ ለትልቅ ሰው ጉንፋን የሆነው ለዚያ ሕፃን ዳግመኛ ምች ሊሆንበት ይችላልና። እናንተም ጉንፋን የያዛችሁ እንደ ሆነ ከሕፃናት ክፍል ደጃፍ ተመለሱ፤ እናቲቱን በስልክ ጠይቋት፤ ምሳዋንም ላኩላት።