አስተርጓሚው ማን ነው?

«ባለቤቱ ካልጮኸ ጎረቤት አይረዳም» ይላል ያገራችን ሰው። እውነት ነው። ነገር ግን ባለቤቱ እየጮኸ ጎረቤቱ ቋንቋውን ባይሰማለትስ? ዛሬ ከተማሪዎችና ከወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ጋር ለመነጋገር የፈለግሁት ስለዚህ ነገር ነው።

ቡሬን የሚያውቅ ሁሉ እንደሚረዳው፣ ከተማይቱ የመንገድ መገናኛ ናት። አንዱ መንገድ ከፍኖተ ሰላም መጥቶ በእንጅባራ በኩል ወደ ባሕር ዳር ያልፋል፤ ሌላው ወደ ደቡብ ወርዶ ዓባይን በመሻገር ወደ ነቀምት ያደርሳል። ስለዚህ በአንድ ወገን የአዊ አገው፣ ከዓባይ ማዶ ደግሞ ኦሮሞው ጎረቤቷ ነው። በገበያ ቀን የቋንቋ ልዩነት ብዙ አያስቸግርም፤ የበርበሬ ሻጭና ገዥ በጣት ተጠቋቁመው ይስማማሉ። ችግሩ የሚመጣው ነገሩ ከሐኪም ክፍል ወይም ከችሎት የደረሰ እንደ ሆነ ነው። ሕመምና ክስ በጣት አይገለጥምና።

ከጥቂት ዓመታት በፊት በአንድ ጤና ጣቢያ ተራዬን ስጠብቅ ያየሁትን ላውጋችሁ። አገውኛ ብቻ የምትናገር አንዲት እናት ከሐኪሙ ፊት ቀረበች። የሚያስተረጕምላት ዐሥር ዓመት ያልሞላው ወንድ ልጅዋ ነበር። እናቲቱ እጅዋን ከጎንዋ ወደ ወገብዋ እያመለከተች ብዙ ተናገረች። ልጁ ግን አፍሮ መሬት መሬት እያየ፣ «ሆዷን ያማታል» አለ። ሐኪሙ ጻፈ፤ እርስዋም ወረቀቱን ተቀብላ ወጣች። ያ ሁሉ ንግግር ወዴት ሄደ? በልጁ አልፈርድም። እናት ለሐኪም ብቻ የምትነግረውን ጉዳይ በልጅዋ አፍ ማስነገር ለሁለቱም ጭንቅ ነው።

ሕጉስ ምን ይላል? በ1954 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሥነ ሥርዓት ሕግ፣ ተይዞ የመጣ ሰው ቃሉ የሚጻፍበትን ቋንቋ በሚገባ የማያውቅ ሲሆን ብቁ አስተርጓሚ እንዲቀርብለት፣ አስተርጓሚውም የጥያቄውንና የመልሱን ትክክለኛነት እንዲያረጋግጥ አዝዟል። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 19 የተያዘ ሰው የተያዘበት ምክንያት በሚገባው ቋንቋ እንዲነገረው፣ በአንቀጽ 20 ደግሞ የችሎቱን ቋንቋ የማያውቅ ተከሳሽ በመንግሥት ወጪ እንዲተረጐምለት መብት ሰጥቷል። እንግዲህ ለተከሳሽ የታሰበው ለታማሚ ቢነፈግ፣ ወንጀል ከሕመም የተሻለ እንክብካቤ አገኘ ማለት ነው።

«አማርኛ የክልሉ የሥራ ቋንቋ ነውና ሁሉም ይማረው» የሚል አይጠፋም። መማሩ መልካም ነው፤ ነገር ግን በሽታ ሰውየው ትምህርቱን እስኪጨርስ አይጠብቀውም። ደግሞም ዛሬ በፍኖተ ሰላም ቢሮ በአፍ መፍቻ ቋንቋው የሚያዝዘው ወጣት፣ ነገ የሥራ ቋንቋው ሌላ ወደ ሆነ ክልል ቢሄድ አስተርጓሚ ፈላጊው እርሱ ራሱ ይሆናል።

መድኃኒቱ ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት ከሠራተኞቹ መካከል አገውኛ ወይም ኦሮምኛ የሚያውቀው ማን እንደ ሆነ መዝግቦ ይያዝ፤ ለዚህም ሥራ አበል ይቍረጥለት። ሕፃን ልጅ፣ ከሳሽ፣ ያሰረው ፖሊስ አስተርጓሚ አይሁኑ። አስተርጓሚውም የሰማውን ሁሉ ሳይጨምር፣ ሳይቀንስ፣ በራሱ አስተያየት ሳያቃና ይናገር። የሰማውንም ምስጢር ከበር አያውጣ።

አንተም ወጣት ሠራተኛ ሆይ፣ አንቺም እኅቴ፣ የጎረቤትን ቋንቋ መማር ውርደት አይደለም። ባለጉዳዩን በቋንቋው «ምን ልርዳዎ?» ብሎ መቀበል ለመጀመሪያው ዓመት ይበቃል፤ የቀረው ቀስ በቀስ ይመጣል። ፍኖተ ሰላም ማለት በግዕዝ የሰላም መንገድ ማለት ነው። የሰላም መንገድም የሚጀምረው፣ የተናገረ ሰው «ተሰምቶልኛል» ብሎ ወደ ቤቱ ሲመለስ ነው።