ከግራ ወይስ ከቀኝ? አውቶካድ ላይ የመምረጥ ዘዴ

የዚህ ወር አምዳችን አውቶካድ ለሚማሩ ልጆቻችንና በዚህ አገር ሙያውን እንደ አዲስ ለጀመሩ ታላላቆች ነው።

አውቶካድ ከፈረንጆቹ 1982 ጀምሮ ያለ የንድፍ ሶፍትዌር ነው። የቤት ፕላን፣ የማሽን ዕቃ፣ የመንገድ ንድፍ ይሠራበታል። ጀማሪዎች መስመር መሳሉን ቶሎ ይለምዱታል፤ የሚያስቸግራቸው የሳሉትን መምረጡ ነው። አንድ ጠረጴዛ ላጥፋ ብለው ከጎኑ ያለውን ግድግዳ ጨምረው ያጠፉታል። ካላስተዋሉት ደግሞ ፕላኑ እንደጎደለ ታትሞ ይወጣል፤ በሥራ ቦታ ይሄ ቀላል ነገር አይደለም።

ዋናው ነገር ማውሱ የሚሄድበት አቅጣጫ ነው።

ባዶ ቦታ ላይ አንዴ ተጭናችሁ ልቀቁና ከግራ ወደ ቀኝ ሂዱ። ሰማያዊ ሳጥን ይከፈታል። ሁለተኛ ስትጫኑ የሚመረጠው ሙሉ በሙሉ ሳጥኑ ውስጥ የገባው ብቻ ነው። ጫፉ ትንሽ እንኳ ወደ ውጭ የወጣ መስመር አይመረጥም። አሁን ደግሞ ከቀኝ ወደ ግራ ሂዱ። ሳጥኑ አረንጓዴ፣ ጠርዙም የተቆራረጠ መስመር ይሆናል። ይሄኛው የነካውን ሁሉ ይይዛል።

ታዲያ የትኛው ይሻላል? እንደ ሥራው ነው። ከግድግዳዎች መሀል ጠረጴዛውን ብቻ ለማንሳት ሰማያዊው ይሻላል። ስክሪኑ ላይ የማያልቁ ረጃጅም መስመሮችን ለመያዝ አረንጓዴው። ማድ ቤቱን በአንድ ሜትር ማስረዘም ቢያስፈልግስ? ስትሬች የሚለውን ትእዛዝ ሰጥታችሁ አንዱን ጫፍ በአረንጓዴው ሳጥን ክበቡት። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ጫፍ ይንቀሳቀሳል፣ ውጭ ያለው ባለበት ይቀራል፣ ግድግዳውም ይረዝማል።

ማውሱን ተጭናችሁ ሳትለቁ ከጎተታችሁ፣ በሳጥን ፋንታ እንደ ገመድ የተጠማዘዘ ቅርጽ ይመጣል። አትደንግጡ፤ ለቀቅ አድርጋችሁ እንደገና ጀምሩ። የማትፈልጉት ነገር አብሮ ከተመረጠም ሁሉንም መተው አያስፈልግም። ሺፍትን ይዛችሁ እሱን ብቻ ንኩት፣ ይወጣል። ሁሉንም ለመተው ግን ኢስኬፕ በቂ ነው።

ከሁሉ የሚጠቅመው ልማድ መቁጠር ነው። ኢሬዝ ብላችሁ ስትመርጡ፣ ከታች ያለው የትእዛዝ መስመር ስንት ነገር እንደያዛችሁ ይነግራችኋል። 3 መስመር ልታጠፉ አስባችሁ 7 ካለ፣ ኢንተር አትጫኑ! ካለፈም ኮንትሮልና ዜድ ይመልሱታል፤ ግን መጀመሪያ ስህተቱን ማየት ያስፈልጋል።

ለታናናሾችም ጨዋታ አለን። ጠረጴዛ ላይ እስክሪብቶዎች በትኑና በክር ክበቧቸው። "ሰማያዊ" ሲባል ክሩ ውስጥ ሙሉ በሙሉ ያሉትን ብቻ፣ "አረንጓዴ" ሲባል ክሩ የነካቸውንም ጭምር ያንሱ። የተሳሳተ ቡና ያፈላል፤ ትንሽ ከሆነ ፈንዲሻውን ያቀርባል!

ወላጆች፣ አውቶዴስክ መስፈርቱን ለሚያሟሉ ተማሪዎች ሶፍትዌሩን በነጻ ይሰጣል። ከመግዛታችሁ በፊት የልጃችሁን መምህር ጠይቁ።

በሉ፣ እስከ ወሩ ቸር ሰንብቱ።