የሆሴ ሪዛል ልጅነት፦ ከገድል ወደ ታሪክ

የጀግኖች ልጅነት ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነው። ሰውየው ለምን ዓላማ እንደ ሞተ ከታወቀ በኋላ፣ ያን ሞት አስቀድመው የሚያመለክቱ ምልክቶች ከሕፃንነቱ ይለቀማሉ። በስፔን ቅኝ ገዢዎች ፍርድ ዲሴምበር 30 ቀን 1896 ማኒላ ውስጥ የተረሸነው የፊሊፒንስ ብሔራዊ ጀግና የሆሴ ሪዛል የልጅነት ትረካ ለዚህ ዓይነተኛ ምሳሌ ነው (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የዚህ ጽሑፍ አቋም፣ «ተአምረኛው ሕፃን» የሚለው ትረካ ሪዛልን ከማክበር ይልቅ እርሱን የቀረጹትን ሰዎችና ሁነቶች ይሰውራል፤ ስለሆነም በመረጃ ሂስ ሊፈተሽ ይገባል የሚል ነው።

ጉዳዩ የጥቂት ባለሙያዎች ክርክር ብቻ አይደለም። በ1956 የወጣው የፊሊፒንስ ሕግ የሪዛል ሕይወትና ሥራዎች በመንግሥትም ሆነ በግል ትምህርት ቤቶች፣ ኮሌጆችና ዩኒቨርሲቲዎች እንዲሰጡ ያስገድዳል። ስለ ሪዛል ልጅነት የሚነገረው ነገር ስሕተት ከሆነ፣ ስሕተቱ በሥርዓተ ትምህርት አማካይነት ከትውልድ ወደ ትውልድ ይተላለፋል ማለት ነው።

ከትረካዎቹ ሁሉ ይበልጥ የታወቀው «ሳ አኪንግ ማንጋ ካባታ» የተሰኘው የታጋሎግ ግጥም ነው። ሪዛል ይህን ግጥም በ1869፣ በስምንት ዓመቱ እንደ ጻፈው ሲነገር ኖሯል፤ ጭብጡም የራስን ቋንቋ መውደድ በመሆኑ የብሔራዊ ቋንቋ ደጋፊዎች ደጋግመው ይጠቅሱታል። ይሁን እንጂ በሪዛል እጅ የተጻፈ ቅጂ አልተገኘም። ግጥሙ ለመጀመሪያ ጊዜ የታተመው ሪዛል ከሞተ ከዐሥር ዓመት በኋላ፣ በ1906 በወጣው የሄርሜኔሂልዶ ክሩዝ መጽሐፍ ውስጥ ነው። የታሪክ ጸሐፊው አምቤት ኦካምፖና የሥነ ጽሑፍ ምሁሩ ቪርሂሊዮ አልማርዮ የግጥሙን ደራሲነት ከተጠራጠሩት መካከል ይገኛሉ።

ከቀረቡት ማስረጃዎች ጠንካራው በአንድ ቃል ላይ የተመሠረተ ነው። ግጥሙ ነጻነትን «ካላያአን» ብሎ ይጠራዋል። ሪዛል ግን በ1886 የሺለርን «ቪልሄልም ቴል» የተሰኘ ተውኔት ወደ ታጋሎግ ሲተረጉም ለወንድሙ ለፓሲያኖ በላከው ደብዳቤ፣ ለነጻነት የሚሆን የታጋሎግ ቃል አጥቶ እንደ ነበር፣ ቃሉንም ያገኘው ማርሴሎ ዴል ፒላር ከእርሱ የስፔንኛ መጣጥፍ በተረጎመው ውስጥ መሆኑን ገልጿል። መጣጥፉ የታተመው በ1882 ነው። የሃያ አምስት ዓመቱ ደራሲ ከሌላ ሰው የተማረውን ቃል የስምንት ዓመቱ ሕፃን እንዴት ሊያውቀው ቻለ? በግጥሙ ውስጥ የሚታየው በ«ክ» ፊደል የመጻፍ ሥርዓትም ሪዛል ጎልማሳ ሆኖ የተሟገተለት እንጂ በልጅነቱ የተለመደ አልነበረም። እርግጥ ነው፣ የፊደሉ ለውጥ የአሳታሚው እጅ ሥራ ሊሆን ይችላል፤ «ካላያአን» ግን የግጥሙን ሐሳብ የተሸከመ ቃል በመሆኑ በዚሁ ምክንያት በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

ግጥሙ ከሪዛል ቢወሰድበት ከልጅነቱ ምን ይቀራል? ከግጥሙ የሚልቅ እውነት ይቀራል። ሪዛል በ1861 በላጉና አውራጃ በካላምባ ከተማ ተወለደ፤ ከዐሥራ አንድ ልጆችም ሰባተኛው ነበር። ቤተሰቡ የሚያርሰው መሬት ከዶሚኒካውያን መነኮሳት በኪራይ የተያዘ ነበር። ፊደልና ጸሎት ያስተማሩት ማኒላ ውስጥ ትምህርት የቀሰሙት እናቱ ቴዎዶራ አሎንሶ ናቸው። ቀጥሎ ወደ ቢኛን ተልኮ ከመምህር ሁስቲኒያኖ አኪኖ ክሩዝ ዘንድ ስፔንኛና ላቲን ተማረ፤ በዚያም ትምህርትና ግርፋት አብረው ይሰጡ እንደ ነበር ራሱ በማስታወሻው ጽፏል። በ1887 ባሳተመው «ኖሊ ሜ ታንሄሬ» በተሰኘው ልቦለድ ውስጥ አለንጋን ከክፍሉ ለማስቀረት የሚታገል መምህር መሣሉ ከዚህ ልምድ ተነጥሎ የሚታይ አይመስለኝም።

ከዚህም የሚከብደው የ1872 ዓመት ነው። በዚያ ዓመት በፌብሩዋሪ 17 ቀን አባ ጎሜዝ፣ አባ ቡርጎስና አባ ሳሞራ በዐመፅ ተወንጅለው በአደባባይ ተገደሉ። ታላቅ ወንድሙ ፓሲያኖ የአባ ቡርጎስ የቅርብ ሰው ነበር። በዚያው ጊዜ ገደማ ወይዘሮ ቴዎዶራ የወንድማቸውን ሚስት በመርዝ ለመግደል አሢረዋል ተብለው ተያዙ፤ ከካላምባ እስከ አውራጃው ዋና ከተማ ሳንታ ክሩዝ በእግራቸው እንዲሄዱ ተደረገ፤ ሁለት ዓመት ተኩል ያህልም ታሰሩ። የዐሥራ አንድ ዓመቱ ልጅ በማኒላ ወደሚገኘው የኢየሱሳውያን ትምህርት ቤት፣ ወደ አቴኔዎ የገባው በዚህ ሐዘን መካከል ነው። «መርካዶ» የሚለው ስም በፓሲያኖ ምክንያት በጥርጣሬ ዓይን ይታይ ስለ ነበር «ሪዛል» በሚለው ስም ተመዘገበ። ዓለም የሚያውቀው ስሙ እንኳ ከዚያ ዘመን ፍርሃት ጋር የተያያዘ ነው።

አቴኔዎ ውስጥ ተማሪዎች «ሮም» እና «ካርታጎ» በሚባሉ ሁለት ጎራዎች ተከፍለው በትምህርት ይወዳደሩ ነበር። ሪዛል በክፍሉ መጨረሻ ተቀምጦ ጀመረ፤ በአንድ ወር ውስጥ የጎራው «ንጉሠ ነገሥት» ሆነ። ተራኪዎች ይህን እንደ ተአምር ያነሡታል፤ ስፔንኛው ደካማ ስለ ነበር በዕረፍት ሰዓቱ በሳንታ ኢሳቤል ኮሌጅ ተጨማሪ ትምህርት ይከታተል እንደ ነበር ግን ብዙ ጊዜ አይነገርም። በእኔ እምነት ለተማሪ የሚበጀው ይህ ሁለተኛው መረጃ ነው፤ ተሰጥኦን ያልታደለ ሰው ትጋትን ሊከተል ይችላልና።

ገድል ለልጆች መልካም አርአያ ይሆናል፣ ስለዚህ እውነትነቱን መመርመር አያስፈልግም የሚሉ ይኖራሉ። አርአያ አስፈላጊ መሆኑን አልክድም። ሆኖም ጀግናው ሲወለድ ጀምሮ ጀግና ከነበረ፣ እናቱ፣ ወንድሙ፣ የቢኛን አለንጋና የሦስቱ ካህናት ሞት ምንም አልጨመሩበትም ማለት ይሆናል። ሪዛል ራሱ ይህን አይቀበልም ነበር። በ1891 ያሳተመውን ሁለተኛ ልቦለዱን ለሦስቱ ካህናት መታሰቢያ አድርጓል፤ በ1889 በጻፈው ደብዳቤም 1872 ባይኖር ኖሮ እርሱ ራሱ ኢየሱሳዊ ይሆን እንደ ነበር ተናግሯል። ከማንም ተራኪ በተሻለ የሠራውን ነገር ያውቅ ነበር።

በዚህ ምክንያት መፍትሔው ግጥሙን ከመማሪያ መጻሕፍት መሰረዝ ነው ብዬ አላምንም። ግጥሙ ከ1886ቱ ደብዳቤ ጋር ጎን ለጎን ይቅረብ፤ ተማሪው ሁለቱን አነጻጽሮ የራሱን ፍርድ ይስጥ። ስለ ሪዛል የሚሰጠው ትምህርት ያን ጊዜ የመረጃ ምርመራ መለማመጃም ይሆናል።