ፉገራ ወይስ ግፍ?

ፍሬሽ ተማሪን መፎገር የግቢ ወግ ነው፣ ማንንም አልጎዳም የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። አዲስ ገቢውን የሌለ ቢሮ ፍለጋ ማንከራተት፣ የሐሰት ቲኬት መሸጥ፤ እሺ፣ ይኼስ ይሁን፤ ማታ አብረው ይስቁበታል። እኔ የምሟገተው ከዚያ ስለሚያልፈው ነው።

አዳማ ውስጥ፣ ስሙን በማልጠራው ኮሌጅ፣ የሥነ ጽሑፍ ክበብ ነበረን። (ሥነ ጽሑፍ ልብን ያለዝባል የምትል አንባቢ ሆይ፣ ጥቂት ታገሠኝ።) አዲስ አባል የሚገባው ጠረጴዛ ላይ ቆሞ ግጥሙን እያነበበ ተሰድቦ፣ ውሃ ተደፍቶበት፣ በመጨረሻም ተንበርክኮ ይቅርታ ጠይቆ ነበር። ከመቂ የመጣ፣ አፉን በኦሮምኛ የፈታ አንድ ልጅ አስታውሳለሁ። በአማርኛው ተሳቀበት። የግጥም ደብተሩ በውሃ ራሰ። ከዚያ ወዲያ በክበባችን ደጃፍ አላየሁትም። ከሳቂዎቹ አንዱ እኔ ነበርኩ። በሚቀጥለው ዓመት ደግሞ ባልዲውን የያዝኩት እኔው ራሴ!

ታዲያ ጨዋታው ከግፍ በምን ይለያል? ልጁ "እምቢ" ማለት ይችላል ወይ? እምቢ ቢልስ ምን ይደርስበታል? "ለማንም እንዳትናገር" ተብሏልን? ቀልድ ምስጢር ጠብቁልኝ አይልም። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕጋችን ሰውን ማስገደድንም፣ አካል መጉዳትንም ይቀጣል፤ "የግቢ ወግ ነው" ለሚል የተለየ በር አልከፈተም። ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2009 አንድ የሕክምና ተማሪ በነባር ተማሪዎች ተደብድቦ ከሞተ በኋላ የአቤቱታ ስልክ ከፈተች፤ ተማሪውንና ወላጁንም በምዝገባ ቀን ታስፈርማለች።

እኛ ዘንድ ግን መናገር ማሳበቅ ይመስለናል። በደርግ ዘመን ጆሮ ጠቢ ስንቱን ቤት አፍርሷልና ጥላቻችን ምክንያት አለው። ነገር ግን ጆሮ ጠቢ የደካማውን ነገር ለጉልበተኛው የሚያደርስ ነው። የተበደለ ፍሬሽ የሚናገረው በጉልበተኛው ላይ አይደለምን? ለሁለቱ አንድ ስም መስጠት ለጉልበተኛው ውለታ መዋል ነው።

እናም ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ በቦታው የነበሩትን ጽፎ፣ ጓደኛ አስከትሎ ወደ ተማሪዎች ዲን መሄድ፤ ግልባጩን ማስቀረት። አካል ከተጎዳ ሐኪም ዘንድ፣ ከዚያም ፖሊስ ጣቢያ። የዲኑ ፈንታ ደግሞ የአመልካቹን ስም መጠበቅ ነው። በእኛ ጊዜ አንድ ልጅ አመልክቶ ነበር። ማመልከቻው ከቢሮ ወጥቶ እኛ እጅ ለመግባት ግማሽ ቀን አልፈጀበትም። ክበቡ ውስጥ፣ ጠረጴዛው ላይ ቆመን፣ ጮክ ብለን አነበብነው።